የኔማቶድ ምርምር በአምቦና በምዕራብ ሸዋ፦ የአንድ ስውር ተባይ ታሪክ

የአምቦ ከተማ ስም በሰፊው ሕዝብ ዘንድ የሚነሣው ከማዕድን ውኃዋ ጋር ነው። በግብርና ሙያ ለተሰማራ ሰው ግን ከተማይቱ በሌሎች ሁለት ነገሮችም ትታወቃለች። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ1947 የግብርና ትምህርት ቤት ሆኖ ተከፍቶ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ለመሆን የበቃው ተቋም ነው። ሁለተኛው ቀድሞ የዕፅዋት በሽታ ሳይንሳዊ ቤተ ሙከራ፣ ቀጥሎም የዕፅዋት ጥበቃ ምርምር ማዕከል ይባል የነበረው፣ አሁን የአምቦ ግብርና ምርምር ማዕከል የሚባለው ጣቢያ ነው። የጣቢያው ዝና ከሁሉ አስቀድሞ ከስንዴ ዋግ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ስለ አምቦ ሲጻፍ ዋግ ሳይነሣ የሚታለፍበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ግን በዚያው ግቢ፣ በዋግ ጥናት ጥላ ሥር ሆኖ፣ በጥቂት ሰዎች እጅ ሲካሄድ የኖረውን የኔማቶዶች ጥናት ነው። ሥራው ብዙ አልተነገረለትም። ሆኖም የሥራውን ታሪክ የተከታተለ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፤ ይኸውም ኔማቶድ ለብቻው ተነጥሎ ሲታይ የሚሰጠው ዕውቀት እምብዛም መሆኑ ነው። ትሉ ከተክሉ ሥር፣ ከባክቴሪያው፣ ከሻጋታው፣ ከነፍሳቱ ጋር ያለው ዝምድና ሲመረመር ነው ነገሩ ለገበሬው የሚበጅ ፍሬ የሚያፈራው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኔማቶድ የሚለው ቃል ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን ክር መሰል ማለት ነው። አገራችን ከዚህ ወገን አንዱን፣ ወስፋትን፣ ከጥንት ጀምሮ በስሙ ታውቀዋለች። ኮሶ ግን በአንድ ሆድ ውስጥ ከወስፋት ጋር ጎረቤት ሆኖ ቢኖርም ጠፍጣፋ ትል እንጂ ኔማቶድ አይደለም። በእርሻ ላይ ጉዳት የሚያደርሱት ኔማቶዶች ከወስፋት ጋር በመልክ ቢመሳሰሉም በመጠን እጅግ ያንሳሉ፤ አብዛኞቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር የማይበልጡና አካላቸው ብርሃን የሚያሳልፍ በመሆኑ ያለ አጉሊ መነጽር አይታዩም። በአፋቸው ውስጥ እንደ መርፌ ያለ፣ መካከሉ ክፍት የሆነ ሹል አካል አለ። የተክሉን ሕዋስ የሚወጉትና ምግባቸውን የሚመጡት በዚህ ነው።

እንግዲህ ገበሬው የሚያየው ትሉን ሳይሆን የትሉን ሥራ ነው። ቲማቲሙ በቂ ውኃ እየጠጣ በቀትር ይጠወልጋል፤ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ፍሬው ያንሳል። ማሳው በሙሉ ሳይሆን እዚህም እዚያም በቦታ በቦታው ይቀጭጫል። ገበሬውም «መሬቱ ደክሟል» ይላል። አባባሉ ከስሕተት የሚቆጠር አይደለም፤ የደከመ መሬት የሚያሳየው ምልክትና በኔማቶድ የተያዘ መሬት የሚያሳየው ምልክት ከላይ ሲያዩት አንድ ዓይነት ነውና። ልዩነቱ የሚገለጠው ተክሉ ተነቅሎ ሥሩ ሲታይ ነው።

በሌላው ዓለም የዚህ ጥናት ጅማሬ ሩቅ ነው። በ1743 ኒድሃም የተባለው እንግሊዛዊ የተጨማደደ የስንዴ ፍሬ ሰንጥቆ በውኃ ቢዘፈዝፍ በውስጡ የነበሩት ክር መሰል ነገሮች ሲንቀሳቀሱ ተመለከተ። በ1855 በርክሌይ በእንግሊዝ አገር በመስተዋት ቤት ውስጥ በበቀለ የኪያር ሥር ላይ ያየውን እባጭ ከትል ጋር አገናኘ። በ1892 ደግሞ አትኪንሰን የተባለው አሜሪካዊ የጥጥ አጠውልግ በሽታ የሥር እባጭ ኔማቶድ ባለበት ማሳ እንደሚብስ ገለጸ። ለእኛ ጉዳይ ዋነኛው ይህ የመጨረሻው ነው፤ ትሉ ብቻውን ሳይሆን ከሌላ ሕያው ነገር ጋር ተባብሮ እንደሚጎዳ ያመለከተ ነበርና። በ1958 ካሊፎርኒያ ውስጥ አንድ የኔማቶድ ዝርያ የወይን ተክል ቫይረስን ከሥር ወደ ሥር እንደሚያሻግር ሲረጋገጥ ሐሳቡ ይበልጥ ሰፋ።

በኢትዮጵያ ዘመናዊው የዕፅዋት በሽታ ጥናት መሠረት የያዘው በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ሲሆን፣ በ1967 ስቱዋርትና ዳኛቸው ይርጉ ከዓለማያ የግብርና ኮሌጅ ያወጡት የኢትዮጵያ የዕፅዋት በሽታዎች ዝርዝር ለብዙ ዘመን የባለሙያው የቅርብ መመሪያ ሆኖ ቆይቷል። በ1966 የእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩት ተቋቁሞ ሆለታ ዋነኛ ጣቢያው ስትሆን ምርምሩ ወደ ሸዋ ምዕራባዊ መንገድ ቀረበ። በኔማቶድ ረገድ ግን እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ ድረስ ስለ አገሪቱ ተጠቃሎ የተጻፈ ነገር አልነበረም ለማለት ይቻላል። ክፍተቱን በመጠኑ የሞላው አሜሪካዊው የኔማቶድ ሊቅ ጆን ኦባነን በእርሻ ምርምር ኢንስቲትዩትና በተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት ስም በ1975 ያቀረቡት የዳሰሳ ዘገባ ነው። ዘገባው 29 ገጽ ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ስለ ኢትዮጵያ ኔማቶዶች የጻፈ ሰው ሁሉ መነሻ ያደረገው እነዚህን ገጾች ነው ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ጎብኚ ሊቅ አንድ ጊዜ አልፎ የተወው ዝርዝር ቢሆንም፣ የአገሬው ባለሙያ ምን እንደሚፈልግና የት እንደሚፈልግ አሳውቋል።

አምቦ ወደዚህ ታሪክ የምትገባው በሌላ በር ነው። በ1970ዎቹ በኢትዮጵያና በሶቪየት ኅብረት መንግሥታት መካከል በተደረገ ስምምነት በከተማይቱ የዕፅዋት በሽታ ሳይንሳዊ ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። ሩሲያውያን ለኢትዮጵያ ሰብል ያላቸው ትኩረት ያን ጊዜ የተጀመረ አይደለም፤ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 አገራችን መጥተው የስንዴና የገብስ ዘር ሰብስበው መመለሳቸው የታወቀ ነው። ቫቪሎቭ የሰብሉን ዓይነት ብዛት ፈልገው ሲመጡ፣ ከእርሳቸው በኋላ የመጡት ደግሞ በዚያ ሰብል ላይ ያደረውን በሽታ ለማጥናት መጡ። የሶቪየት ባለሙያዎች ከኢትዮጵያውያን ጋር ጎን ለጎን እየሠሩ ቤተ ሙከራውን አደራጁ። ዘመኑ ተለውጦ ሶቪየት ኅብረት ከፈረሰች በኋላ ጣቢያው በአገሪቱ የግብርና ምርምር መዋቅር ውስጥ ገብቶ ሥራው በኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች እጅ ቀጠለ። የኔማቶድ ጥናትም ፍሬው ጎልቶ የታየው ከዚህ በኋላ ባሉት ዓመታት ነው።

ይህን ጥናት ለማካሄድ የሚጠይቀው መሣሪያ ከሌላው የምርምር ዘርፍ ሲወዳደር ቀላል ነው፤ የሚያስቸግረው ዓይንና ትዕግሥት ነው። ከማሳው በመውጊያ የተወሰደው አፈር ይቀላቀላል፤ ከዚያም በወንፊት ላይ በተነጠፈ ስስ ወረቀት ላይ ይበተንና ወንፊቱ ጥቂት ውኃ ባለበት ሳህን ላይ ይቀመጣል። ሕያዋን የሆኑት ትሎች በወረቀቱ ቀዳዳ ሾልከው ወደ ውኃው ይወርዳሉ። ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ውኃው ተሰብስቦ በማይክሮስኮፕ ይቆጠራል። የዘዴው መነሻ በ1917 በጃቫ ይሠራ የነበረው ሐኪም ቤርማን ነው፤ እርሱም ይፈልግ የነበረው የተክል ትል ሳይሆን ሰውን በባዶ እግሩ የሚይዘውን መንጠቆ ትል ነበር። ለእርሻ አፈር ብዙ ናሙና እንዲመች ሆኖ በሳህን መልክ የተሻሻለው በ1965 በዋይትሄድና በሄሚንግ ነው። የዋይትሄድን ስም አንባቢ እንዲያስታውሰው ያስፈልጋል፤ ከዚህ በታች በሌላ ምክንያት ይመለሳልና። ከቆጠራው በኋላ ያለው ሥራ፣ ማለትም ዝርያን ከዝርያ መለየት፣ ዓመታት የሚፈጅ ልምድ ይጠይቃል። አንዲት የሥር እባጭ ኔማቶድ ከእኅቷ የምትለየው በጅራቷ አካባቢ ባለ፣ የጣት አሻራ በሚመስል መስመር ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ የሚወስደው መንገድ ለዚህ ጥናት የተመቸ ነው። ሆለታ 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። አምቦ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጉደር ከእርሷ 12 ኪሎ ሜትር ያህል አልፎ ትገኛለች። መንገዱ ወደ ጌዶ ደጋ ወጥቶ እንደገና ወደ ግቤ ሸለቆ ሲወርድ፣ 1,650 ሜትር አካባቢ ላይ ወዳለችው ባኮ ይደርሳል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ከገብስና ከድንች አገር ወደ በቆሎና ወደ በርበሬ አገር ይገባል ማለት ነው። ኔማቶዶችም እንደ ሰብሉ የየአየራቸው ናቸው። ሜሎይዶጋይኒ ኢንኮግኒታና ሜሎይዶጋይኒ ጃቫኒካ የሚባሉት የሥር እባጭ ዝርያዎች ሙቀት ይወዳሉ፤ ሜሎይዶጋይኒ ሃፕላ ብርድን ትችላለች፤ ይህችኛዋ ከጊዜ በኋላ በኢትዮጵያ የጽጌረዳ እርሻዎች ላይ መገኘቷ ተመዝግቧል።

የሥር እባጭ ኔማቶድ አኗኗር ከሌሎቹ የተለየ ስለሆነ ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልገዋል። ከእንቁላል የወጣችው እጭ በሥሩ ጫፍ በኩል ትገባና አንድ ቦታ ላይ ትቆማለች። በምራቋ አማካይነት በዙሪያዋ ያሉትን ጥቂት ሕዋሶች ወደ ግዙፍ ሕዋስነት ትለውጣቸዋለች፤ ተክሉም የራሱን ምግብ ለእርሷ እያቀረበ ያሳድጋታል። ከዚያ በኋላ አትንቀሳቀስም፤ እንደ ዕንቁ ታብጣለች፤ ሥሩም አብሯት ያብጣል። ብዙ መቶ እንቁላሎች እንደ ሙጫ ባለ ከረጢት ውስጥ ትጥላለች። በሞቃት አፈር ይህ ዑደት በአንድ ወር ገደማ ይፈጸማል፤ በአንድ የቲማቲም ወቅት ብዙ ትውልድ ይፈራረቃል። ከላይ ለተጠቀሱት ለሁለቱ ሙቀት ወዳዶች ደግሞ ለመራባት ወንድ አያስፈልጋቸውም። ስለዚህ አንዲት እጭ ከችግኝ ጋር ወደ አዲስ ማሳ ብትገባ ዘር ለማቆም ትበቃለች።

የአምቦ ተመራማሪዎች ወንድይራድ ማንደፍሮና ተስፋማርያም መከተ በ2002 ያወጡት ጽሑፍ በመካከለኛውና በምዕራብ ኢትዮጵያ በአትክልት ሰብሎች ላይ የሚገኙትን የሥር እባጭ ኔማቶዶች የሚመለከት ነው። የወጣበት መጽሔትም የውጭ አገር ሳይሆን የራሳችን የዕፅዋት ጥበቃ ማኅበር የሚያሳትመው መሆኑ ሊጠቀስ ይገባዋል። የኦባነን ዘገባ በአገር ደረጃ የጠቆመውን ነገር ይህ ጥናት ወደ ወረዳውና ወደ ማሳው አወረደው። በመስኖ የሚለማው አትክልት በጉደርና በመሰል ወንዞች ዳር እየሰፋ በሄደ ቁጥር ጉዳዩ አሳሳቢ የሚሆነው፣ በዝናብ ብቻ ሲታረስ በበጋ በረሃብ የሚቀንሰው ትል በመስኖ ዓመቱን ሙሉ ምግብ ስለሚያገኝ ነው።

በተከታዩ ዓመት፣ በ2003፣ ሁለቱ ተመራማሪዎች ከጣሊያናዊው የኔማቶድ ሊቅ ከኒኮላ ግሬኮ ጋር ሆነው ሌላ ጥያቄ አነሡ። ትሉ አለ ወይስ የለም የሚለው ሳይሆን፣ በርበሬና ቲማቲም ከመተከላቸው በፊት በአፈሩ ውስጥ ስንት የጃቫኒካ እንቁላልና እጭ ቢገኝ ነው ምርት መቀነስ የሚጀምረው የሚል ጥያቄ ነው። በእኔ አስተያየት ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ለገበሬው ቅርብ የሆነው ይህ ነው። ምክንያቱም የትሉ መኖር ብቻውን ለመርጨትም ሆነ ሰብል ለመለወጥ በቂ ምክንያት አይደለም፤ ተክሉ እስከ አንድ ወሰን ድረስ ይችላል። ወሰኑን ያላወቀ ባለሙያ ወይ ያለ ጉዳይ ያስፈራራል፣ ወይ ዘግይቶ ይደርሳል።

ስለ መርጨት ከተነሣ፣ በዓለም ላይ የኔማቶድ መድኃኒት ዘመን የተከፈተው በ1943 በሃዋይ የአናናስ እርሻ ላይ ነበር። የተገኘው ኬሚካል አፈሩን ያጸዳ ስለመሰለ ደስታው ብዙ ሆነ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ዲቢሲፒ የተባለው መድኃኒት የፋብሪካ ሠራተኞችን ወንዶች መካን ማድረጉ በ1977 ታወቀ፤ ሜቲል ብሮማይድም የኦዞንን ሽፋን የሚጎዳ በመሆኑ በሞንትሪያል ስምምነት መሠረት በየደረጃው ከገበያ እንዲወጣ ተደረገ። ለአንድ ጥማድ መሬት ባለቤት እነዚህ መድኃኒቶች ቀድሞም የሚደረስባቸው አልነበሩም። ስለዚህ የአምቦ ተመራማሪዎች ከመጀመሪያው ሌላ መንገድ መፈለጋቸው የድህነት ጉዳይ ብቻ አልነበረም፤ ሀብታሙም ዓለም ዘግይቶ የመጣው ወደዚያው መንገድ ነው። እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ጣል ለማድረግ እፈልጋለሁ። በሸዋ ደጋ ገብስ ከመዝራት በፊት አፈሩን ከምሮ የማቃጠል ልማድ ነበረ። ልማዱ የተመረመረው ከአፈር ለምነት አንጻር ነው፤ እሳቱ በአፈር ውስጥ ያለውን ኔማቶድ ምን እንደሚያደርገው ግን ከሳህኑና ከወንፊቱ በቀር ብዙ መሣሪያ ሳይጠይቅ ሊመረመር የሚችል ነው።

አሁን ወደ ዋይትሄድ እንመለስ። እኚህ እንግሊዛዊ በ1968 ከገለጿቸው አዳዲስ የሥር እባጭ ዝርያዎች አንዷን ሜሎይዶጋይኒ ኢትዮፒካ ብለው ሰየሟት። ስሙን የሰማ ኢትዮጵያዊ ትሏ ከአገሩ አፈር የወጣች ይመስለዋል። ነገር ግን ለስያሜው መሠረት የሆነው ናሙና የመጣው ከታንዛኒያ ነበር። ከዚያም በ2003 አካባቢ ይህቺው ስም በስሎቬንያ አንድ የቲማቲም መስተዋት ቤት ውስጥ ተነሣችና አውሮፓን አሳሰበች፤ እንደገና ሲመረመር ግን እዚያ የተገኘችው ሜሎይዶጋይኒ ሉሲ የምትባል የቅርብ ዘመዷ መሆኗ ተደረሰበት። እንዲህ ያለው የስም ዝብርቅ ተራ የሊቃውንት ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ሆኖም አንድ አገር ምርቱን ወደ ውጭ ሲልክ የሚጠየቀው በስም ስለሆነ፣ በአገር ውስጥ የትሉን ማንነት አጣርቶ የሚናገር ባለሙያ ከሌለ ሌላው የሰጠውን ስም ተሸክሞ መኖር ግድ ይሆናል።

ከሁሉ ይልቅ የአገራችን የራሱ የሆነው ምዕራፍ የእንሰት ነው። እንሰት በአብዛኛው የሚታወቀው በደቡብ ቢሆንም በምዕራብ ሸዋ ደጋማ ወረዳዎችም ከጓሮ አይጠፋም። ስለ እንሰት በሽታ ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው በ1968 ዳኛቸው ይርጉና ብራድበሪ የገለጹት በባክቴሪያ የሚመጣው አጠውልግ ነው። በ1992 ፔሪግሪንና ብሪጅ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ደግሞ ሌላ ነገር ይዘው ቀረቡ፦ ፕራቲሌንከስ ጉዴይ የተባለችው ሥር አቁሳይ ኔማቶድ በኢትዮጵያ ለእንሰት ዋነኛ ጠንቅ መሆኗን ነው። ይህች ትል በምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ለሚበቅለው ሙዝ የታወቀች ጠላት ናት። ሙዝና እንሰት የአንድ ቤተሰብ ልጆች በመሆናቸው ጠላታቸውም አንድ ቢሆን የሚያስገርም አልነበረም። እንደ ሥር እባጯ አንድ ቦታ ተቀምጣ የምትወፍር አይደለችም፤ በሥሩ ሥጋ ውስጥ እየተዘዋወረች፣ እየበላች፣ እንቁላሏን እየጣለች ትሄዳለች፤ ባለፈችበት ሁሉ ሥሩ ይጠቁራል፣ ይበሰብሳል። ሥሩ የተበላ እንሰት ነፋስ ሲገፋው ይወድቃል።

መስፍን ቦጋለ፣ ተስፋማርያም መከተ፣ ወንድይራድ ማንደፍሮና መስፍን ተሰራ ከውጭ አገር ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው በእንሰት አብቃይ አካባቢዎች ያካሄዱት ዳሰሳ በ2004 ታተመ። በዚህም በእንሰት ላይ ገናና ሆና የተገኘችው ይህችው ጉዴይ ነበረች። ከዚያ አስቀድሞ በ2000 መስፍን ቦጋለ ከደቡብ አፍሪካውያኑ ከስዋርትና ከቲድት ጋር ሆነው ከእንሰት ላይ ለሳይንስ አዲስ የሆነች ዝርያ ገልጸዋል። አፌሌንኮይደስ እንሰቴ ትባላለች፤ የምትኖረውም በሥር ሳይሆን በቅጠል ላይ ነው። የተክላችንን ስም ይዛ በዓለም መዝገብ ገባች። ትሏን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ለማየት ግን ናሙናው ወደ ደቡብ አፍሪካ መሄድ ነበረበት።

ኔማቶዷ ለአጠውልጉ ባክቴሪያ በር ትከፍታለች ወይ የሚለው ጥያቄ ከእንሰት ባለሙያዎች መካከል ሲነሣ የቆየ ነው። በሌሎች ሰብሎች በትል የቆሰለ ሥር ለባክቴሪያ እንደሚመች ስለታወቀ ጥርጣሬው መሠረት አለው። ሆኖም ከጥርጣሬ ተነሥቶ ትሉ በሽታውን ያሻግራል ብሎ መደምደም ከማስረጃው ቀድሞ መሄድ ይሆናል። በሽታው ከተክል ወደ ተክል የሚሻገርባቸው የታወቁ መንገዶች፣ ማለትም ያልጸዳ ቢላዋና ቅጠል የሚበሉ እንስሳት፣ ገበሬው ዛሬውኑ ሊጠነቀቅባቸው የሚችሉ ናቸው። የኔማቶዷን መንገድ በተመለከተ ደግሞ ሰላማዊት ኪዳኔና ባልደረቦቻቸው በ2021 ያወጡት ጥናት ጠንከር ያለ መልስ ሰጥቷል፤ ጉዴይ የምትሠራጨው በዋነኛነት በራሱ በተከላው ችግኝ መሆኑን አሳይቷል። እንሰት በዘር ሳይሆን አሚቾው ተቀብሮ በሚያወጣው ቡቃያ ስለሚራባ፣ ችግኙ ከገበያ ሲገዛና ከጎረቤት በስጦታ ሲመጣ ትሏም አብራ ትመጣለች። በምሥራቅ አፍሪካ ለሙዝ ችግኝ የተሞከረው መላ ሥሩን ልጦ አሚቾ መሰሉን ክፍል ለ30 ሰከንድ በፈላ ውኃ መንከር ነው። ድስትና ማገዶ ካለበት ጓሮ ሁሉ የሚቻል ነገር ነው።

ከጉዳት ወደ ጥቅም የሚያሻግረው ምዕራፍ የተከፈተው በቡና ሥር ነው። ተስፋማርያም መከተ በጀርመን አገር በቦን ዩኒቨርሲቲ ባካሄዱትና በ2009 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ ከኢትዮጵያ ቡና ሥር ውስጥ ያለ ጉዳት የሚኖሩ ባክቴሪያዎችን ለይተው ከሥር እባጭ ኔማቶድ ጋር አጋጠሟቸው። ከእነርሱም አንዳንዶቹ፣ በተለይ ከባሲለስ ወገን የሆኑት፣ የእባጩንና የእንቁላል ከረጢቱን ቁጥር ቀንሰዋል። ቡና በተወለደበት ጫካ ውስጥ ከጠላቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ከጠባቂውም ጋር አብሮ ኖሯል ማለት ነው።

ከዚህም የሚያስደንቀው ኔማቶዱ ራሱ ጠባቂ የሚሆንበት ነው። በ1929 በኒው ጀርሲ ግሌዘር የተባለው ሰው የሞቱ ጥንዚዛዎችን ሲመረምር በውስጣቸው ኔማቶድ አገኘ። በ1965 ደግሞ ፖይናርና ቶማስ ነፍሳቱን በእርግጥ የሚገድለው ትሉ ሳይሆን ትሉ በአንጀቱ ይዞት የሚዞረው ባክቴሪያ መሆኑን የሚያስረዳ ግኝት አወጡ። ትሏ በአፍ ወይም በመተንፈሻ ቀዳዳ ወደ ነፍሳቱ ትገባለች፤ ባክቴሪያውን ትለቃለች፤ ነፍሳቱ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ይሞታል፤ ትሏም በባክቴሪያ በበለጸገው በድን ውስጥ ትራባለች። ባክቴሪያው ብቻውን ከነፍሳት ወደ ነፍሳት መሄድ አይችልም፤ ትሏም ያለ ባክቴሪያው ለመብላት ትቸገራለች። ለሰውና ለከብት ጉዳት የላቸውም።

እነዚህን ለማግኘት የሚያገለግለው ወጥመድ ለምዕራብ ሸዋ ሰው እንግዳ አይደለም። ቀፎ ገብቶ ሰም የሚበላው የእሳት እራት እጭ ነው፤ ሆለታ የንብ ምርምር ማዕከል ያለባት ከተማ ስለሆነች በዚያ ይህን ተባይ የማያውቅ የለም። ንብ አርቢው የሚጠላውን ይህን እጭ ተመራማሪው በአፈር በተሞላ ዕቃ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ እጩ ሞቶ በድኑ ወደ ቀይ ካደላ ሄቴሮራብዳይቲስ፣ ወደ ቡናማ ካደላ ስታይነርኔማ እንደገባበት ይገመታል። የአምቦ ተመራማሪዎች ከአሜሪካውያን ጋር በመተባበር በዚህ ዘዴ ባካሄዱት የአገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ውጤቱ በ2005 የታተመው፣ ሄቴሮራብዳይቲስ ባክቴሪዮፎራና አንዲት ያልታወቀች ስታይነርኔማ ተገኙ። ይህች የኋለኛዋ በ2004 በፍሎሪዳ በነበሩት በንጉየንና በባልደረቦቻቸው ተገልጻ ስታይነርኔማ ይርጋለሜንሴ ተባለች፤ ስሟም ከሲዳማዋ ከይርጋለም ከተማ የተወሰደ ነው። እጯ በራሷ ላይ ሁለት ቀንድ መሰል ነገር ያላት ናት።

ቀጥሎ የሆነው ነገር ለማኅበራችን አባላት ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ይህችው ዝርያ በደቡብ አፍሪካም አፈር ተገኘች። በስቴለንቦሽ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ወስደው በአፕል ትል፣ በብርቱካን ፍሬ ትልና በሌሎች የፍራፍሬ ተባዮች ላይ ሞከሯት፤ በፈሳሽ ምግብ ውስጥ በብዛት እስከ ማራባት ደረሱ። የይርጋለም ስም ዛሬ በዚያ አገር የፍራፍሬ ባለሙያዎች አፍ ላይ የተለመደ ነው። እኛ ስሙን ሰጠን፤ ሥራውን ግን ሌላው ወደ ፊት ገፋው። ይህን የምለው ለቅሬታ አይደለም፤ ደቡብ አፍሪካውያኑ ያደረጉት የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ለዚያ ያበቃቸው ከትሏ ጋር የሚውሉ ሰዎች ሳይበተኑ ለዓመታት በአንድ ቤተ ሙከራ መቆየታቸው መሆኑ ግልጽ ነው። በአምቦ የኔማቶድ ታሪክ ውስጥ ተመላልሰው የሚታዩት ስሞች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነርሱ አንዱ ለትምህርት ወይም ለሌላ ሥራ ሲሄድ የሚጎድለው አንድ ሰው ሳይሆን የዘርፉ ግማሽ ነው።

በ2012 ደግሞ የኢትዮጵያ፣ የቤልጂግ፣ የጀርመንና የቼክ ተመራማሪዎች በጋራ ሌላ አዲስ ዝርያ ገለጹ። ይህችኛዋ የአገሪቱን ስም ይዛ ስታይነርኔማ ኢትዮፒየንሴ ተብላለች። ከላይ እንዳነሣናት የሥር እባጭ ሳይሆን ስሟ በዚህ ጊዜ ከእውነተኛ ቦታዋ ጋር ይስማማል። በእሳት እራት እጭ ወጥመድ የተያዘችው በምዕራብ ወለጋ በመንዲ ነው፤ ይኸውም ከአምቦ ተነሥቶ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮና በነቀምቴ አልፎ በሚሄደው በዚያው የምዕራብ መንገድ ላይ ነው።